ላሟ የቀመሰችው ሾርባ

ቆይ፣ ቆይ! መጀመሪያ ሳቃችሁን ጨርሱ። ጨረሳችሁ? እሺ። «ላም እንዴት የሰው በሽታ ታውቃለች» ነው የምትሉኝ አይደል? እኔ እኮ በሽታ ታውቃለች አላልኩም። ጨው ታውቃለች ነው ያልኩት። ጨው ከላም በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ምላሱን ያሳየኝ።

ደግሞ እዚያ ጥግ የተቀመጠው «አራተኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ስለ ሾርባ ምን አገባው» ይላል። አራተኛ አይደለም የኔ ጌታ፣ አምስተኛን ጀምሬዋለሁ። ወንበሩ አልተመቸኝም፣ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኜ ሰበታ ጭኛለሁ፣ ቡራዩ ጭኛለሁ፣ ሱሉልታ ጭኛለሁ። በር ላይ ተንጠልጥሎ እንደኔ የሚጣራ አልተወለደም። ሱሉልታ ሊሄድ ከቤቱ ወጥቶ በድምፄ ብቻ ተስቦ ሰበታ የወረደ ሰው አውቃለሁ። ሲወርድም አልተናደደም፤ አመስግኖኝ ነው የሄደው።

የዛሬው ወሬ ግን የድምፄ አይደለም፣ የሾርባ ነው። ያ ከሱቅ የሚገዛው፣ ውሃ ሲፈላ የሚበተንበት፣ ፓኬቱ ላይ ወፍራም ዶሮ የተሳለበት የታሸገ ሾርባ።

ያኔ የምኖረው ቡራዩ ነው። የማስተር ፕላኑ ጊዜ። አዲስ አበባ ወደኛ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊለካ ነው ተብሎ አገሩ የተነሳበት ጊዜ። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ ድንጋይ ተደርድሮበታል፣ ከነገ ወዲያ ጎማ ይነድበታል። ኔትወርክ የለም። ሹፌራችን መስታወቴ ይሰበራል ብሎ ሚኒባሷን ግቢ አስገብቶ በሸራ ሸፈናት። እሷ ስትቆም እኔም ቆምኩ። ሁሉንም በቀልድ አላወራውም፤ በዚያ ሰሞን አንዳንዱ ቤት የወጣ ልጅ አልተመለሰም። እሱ ላይ አልቀልድም፣ እናንተም እንዳትቀልዱ።

የተከራየሁት ክፍል የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ግቢ ውስጥ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ እዚህ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ ብቻ እላቸዋለሁ። ሚስታቸውን ደግሞ ግቢው በሙሉ «ሀርሜ» ነው የሚላቸው፣ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው። እኛ የአዲስ አበባ ኪራይ ያባረረን ሰዎች እየመጣን ሰፈሩን ስንሞላው፣ እነሱ ከቤታቸው ጀርባ ጤፋቸውን እየዘሩ፣ አንዲት ቀይ ላማቸውን እያለቡ እንደ ድሮው ይኖራሉ። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ የሚያስቃቸው ሰው አልነበረም፣ እኔ እስክመጣ ድረስ።

ኦቦ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶባቸዋል። ሰው እንደ ጭስ ነው የሚታያቸው፤ ማን እንደሆንክ የሚያውቁህ በድምፅህ ነው። አዲስ አበባ ዓይን ሐኪም ቤት ሄደው በቀዶ ጥገና ይነሳል ተባሉ። ደስ ብሏቸው በቀጠሮው ቀን ሲሄዱ መጀመሪያ የደም ግፊታቸው ተለካ። ከፍ ብሏል፣ በዚህ አይሠራም፣ ይቀንስና ይምጡ ተባሉ። ሌላ ቀጠሮ። ሄዱ። አሁንም ከፍ ብሏል። ተመለሱ። ሦስተኛ ቀጠሮ ይዘው እሱን ነው የሚጠብቁት።

ዓይናቸውን ለምን እንደዚያ እንደፈለጉት ልንገራችሁ፤ ወሬው ያለው እዚያ ጋ ነው። ከግቢው ጀርባ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ የአባታቸው መሬት ነው። በዚያ ሰሞን የሚመጣው ሰው ሁሉ የየራሱን ያወራል። አንዱ «ኦቦ፣ መሬትዎ ላይ ችካል ተተክሏል» ይላል። ሌላው «ኧረ ማን ተከለ? ወሬ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ይምላል። ኦቦ መሃል ላይ ቁጭ ብለው ጭስ ያያሉ።

አንድ ቀን ሄጄ ዳር እስከ ዳር ዞሬው መጣሁና፣ «አባባ፣ ምንም የለም። አንዲት ችካል የለችም» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ የቱ ቀልድህ የቱ እውነትህ እንደሆነ አይለይም» አሉኝ።

«በማርያም እውነቴን ነው!»

«ትናንትም ዝሆን አየሁ ስትል በማርያም ብለሃል። መሬት በሰው ዓይን አይታይም። እኔው አየዋለሁ።»

በቃ፣ ነገሩ ይሄ ነው። ግፊቱ ከወረደ ዓይናቸው ይበራል፤ ካልወረደ ያባታቸውን መሬት በወሬ እያዩት ሊሞቱ ነው።

ቡራዩ ያለችው የክሊኒክ ነርስ ኪኒን ሰጥታቸው «አባባ፣ ጨው በፍጹም» አለቻቸው። ሀርሜ ይቺን ቃል እንደ ሕግ ያዟት። የቤቱን ጨው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበትና ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩት። ወጥ ያለ ጨው፣ ቂጣ ያለ ጨው፣ እንቁላል ያለ ጨው። ኦቦ አንድ ሁለቴ ይጎርሱና «ይሄ ምግብ ነው ወይስ የምግብ ወሬ?» ብለው ይተዉታል። ሳይበሉ ሳይበሉ አንድ ቀን በር ላይ ዞረባቸውና ወደቁ።

ወደቁ ከተባለማ ሰፈሩ ሊጠይቅ ይመጣል። የታመመ ሰው ደግሞ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ወጉ ብርቱካን ነበር፣ ሙዝ ነበር። መንገድ ተዘግቶ ብርቱካን በክንፍ ይመጣል? ጉሊቱ ባዶ፣ ሱቁ ባዶ። ባለሱቁ ጋ የተረፈው ሳሙና፣ ክብሪትና ከረብሻው በፊት ያስገባው የታሸገ ሾርባ ነው። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ሾርባ ይዞ መጣ። የሚገባው ሁሉ «እግዜር ይማርዎ» ይልና ዶሮ የተሳለባት ፓኬት ያስቀምጣል። መስኮቱ ተሸፈነ። ሀርሜ ብርሃን ፈልገው ሾርባ ከመስኮት ላይ ወደ ቁምሳጥን ሲያዛውሩ አይቻለሁ።

ከሁሉም ብዙ ያመጡት ማዶ ያለው አዲሱ ቪላ ውስጥ የሚኖሩት እትዬ ናቸው። ቢሮ የሚሠሩ፣ ሽቷቸው ከሳቸው ቀድሞ በር የሚያንኳኳ ሴትዮ። «ይሄ የውጭ ነው፣ ቀላል ነው፣ ለታመመ ሰው የተሠራ ነው» ብለው ለሀርሜ አፈላሉን ራሳቸው አሳዩ።

ኦቦ አንድ ስኒ ፉት አሉ። ፊታቸው በራ።

«ይሄ ነው ምግብ!» አሉ። «ይቺ ዶሮ ትባረክ!»

ከዚያ በኋላ ጠዋት ሾርባ፣ ምሳ ሾርባ፣ ማታ ሾርባ። ሁሉም ሰው ደስ አለው። ማን ይጠርጥር? እኛ አገር ሾርባ የበሽተኛ ነው፤ አራስ ትጠጣዋለች፣ ጥርሱን የተነቀለ ይጠጣዋል። እኔ ራሴ ታይፎይድ ይዞኝ ስተኛ ያጠጡኝ ሾርባ ነው። ወጡን ሁላችንም እንደ ሌባ እንጠብቀዋለን፣ ሾርባው ግን እንደ ቄስ ማንም ሳይፈትሸው ይገባል።

ነርሷ ጋ ሄደው ተለኩ። ግፊቱ ጨምሯል።

«አባባ፣ ጨው እየበሉ ነው» አለች።

«በእመቤቴ አልቀመስኩም!»

«ቤቴ ውስጥ ጨው ቁልፍ ላይ ነው!» አሉ ሀርሜ፣ ከአንገታቸው ቁልፉን አውጥተው እያሳዩ።

በሌላው ሳምንት ሄዱ። የባሰ ጨምሯል። ነርሷ ኪኒኑን አጠንክራ ሰጠቻቸውና «እንዲህ ከቀጠለ ለቀጠሮው አይደርሱም፣ እንደገና ይመልሷቸዋል» አለች።  እየመራኋቸው ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ መሬቱን በምርኩዛቸው እየመቱ ሄዱ። እኔ ቀልድ ጀመርኩና መሃል ላይ ተውኩት። እኔ ቀልድ መሃል ላይ ስተው ደግሞ በሕይወቴ የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ግቢ ስንገባ ሀርሜ በሩን ዘጉና ወደኔ ዞሩ።

«አንተ ነህ!»

«እኔ ምን?»

«ጨው የምታቀብላቸው አንተ ነህ! ከአንተ ጋር ሲሆኑ ነው የሚስቁት። ሰው ያለ ጨው ይስቃል?»

«ሀርሜ፣ ሳቅ እንጂ ጨው አላቀብልም!»

«ኪስህን ገልብጥ!»

ገለበጥኩ። የሱፍ ቅርፊት፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የደረቀ ማስቲካ። ሀርሜ የኪሴን ጨርቅ በጣታቸው ጠረጉና ጣታቸውን ቀመሱ። ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ጨው ጨው ይላል!»

«ላቤ ነው ሀርሜ! ኪሴም እኮ ያልበዋል!»

አላመኑኝም። ከዛሬ ጀምሮ ኦቦ ጋ ብቻህን አትቀመጥም ተባልኩ። እኔ! የግቢው ሬዲዮ! ተባርሬ ጓሮ ላሟ ጋ ተቀመጥኩ። ሥራ የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ ኦቦ የሉ። እሷን ማየት ጀመርኩ።

አሁን ላሟ እንዴት እንደገባችበት እነግራችኋለሁ፣ ዝም ብላችሁ ስሙ። ላም ጨው ካላገኘች ጤና የላትም። ኦቦ በደጉ ጊዜ ከገበያ አሞሌ፣ ያንን እንደ ጡብ የተጠረበ የከብት ጨው፣ ይገዙላታል። ገበያው ሲዘጋ አሞሌ ጠፋ፤ የሳጥኑን ጨው ደግሞ ሀርሜ ለማንም አይከፍቱም። ላሟ ቀስ በቀስ ጸባይዋ ተበላሸ። ግድግዳ ትልሳለች። የባልዲ እጀታ ትልሳለች። ያሰጣሁትን ሸሚዝ ከገመድ ላይ አውርዳ ላሰችው፤ ደግሞ መርጣ ብብቱን። ኪሴን የቀመሱት ሀርሜና ብብቴን የላሰችው ላም አንድ ቤት ውስጥ መኖራቸው የኔ ዕድል ነው።

አንድ ጠዋት ሀርሜ የወጥ ድስት አጥበው እጣቢውን በር ላይ ደፉት። ላሟ ሄደች፣ አሸተተች፣ ፊቷን አዞረች። ትንሽ ቆይተው የሾርባውን ድስት አጠቡና እዚያው ጎን ደፉ። ላሟ የታሰረችበትን እንጨት ነቅላ ገመዷን እየጎተተች መጣች! ጭቃውን ላሰችው። ጭቃው አለቀ፣ መሬቱን ላሰችው። ገረመኝ እንጂ ያኔም አልገባኝም። እውነቱን ለመናገር የተጠማች ነው የመሰለኝ።

ከሰዓት ደግሞ አንድ ነገር ስታኝክ አገኘኋት። ባዶ የሾርባ ፓኬት! ላስቲክ ላም ሆድ ውስጥ ከገባ ይገድላል፤ ይሄን የማያውቅ የቡራዩ ሰው የለም። ዘልዬ ያዝኩት። እሷ ትጎትታለች፣ እኔ እጎትታለሁ። እሷ አራት እግር አላት፣ እኔ ግን የቡራዩን ጭነት በአንድ እጄ በር ላይ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሸነፍኳት። ይሄን ጎረቤት በአጥር አይቷል።

ፓኬቱን ይዤ ቁጭ አልኩና አሰብኩ። ይቺ ላም ለዚህ ላስቲክ ነፍሷን የምትሰጠው ምን ብታገኝበት ነው? ውስጡ ጥግ ላይ የቀረች ዱቄት አለች። ጣቴን አስገብቼ ቀመስኩ። ወይኔ! ጨው! ጨው አግብቶ ዘመድ አዝማድ ጠርቶ! ትኩስ ሆኖ፣ ቁንዶ በርበሬው ሸትቶ፣ በብዙ ውሃ ሲጠጣ «ይጣፍጣል» ነው የሚያስብለው። ደረቁን ስትቀምሰው ግን ጉሮሮ ይዘጋል።

ያም ሆኖ ራሴን አላመንኩም። ሱቅ ሄድኩ። የፓኬቱ ጀርባ የውጭ ቋንቋ ነው፤ እሱን ማንበብ ባልችልም ፊደል በመልክ አልረሳም፣ ታርጋ በዚህ ነው የምይዘው። ባለሱቁን «የጨው ከረጢት አሳየኝ» አልኩት። ጨው ራሱ አልቆበታል፣ ባዶ ከረጢቱ ግን ጥግ ላይ ወድቋል። ከረጢቱ ላይ በትልቁ የተጻፈችውን የውጭ ቃል ከፓኬቱ ጀርባ ጋር ፊደል በፊደል አመሳሰልኩ። እሷው ናት። በደቃቅ ጽሑፍ ተደብቃ ተቀምጣለች፣ ታርጋዋ ግን ያው ነው።

ሮጬ ሄጄ ለሀርሜ ነገርኳቸው።

«ራስህን ልታድን በሾርባ ታሳብባለህ?» አሉኝ። «የሰው ስጦታ ላይ?»

ይኼኔ ነው ላሟን ምስክር ያደረግኳት። እሁድ ነው፣ ጠያቂ ግቢውን ሞልቶታል፣ እትዬም አዲስ ፓኬት ይዘው መጥተዋል። ኦቦ ታዛው ሥር ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሁለት ሳፋ አመጣሁ። በአንዱ የሀርሜን ጨው የሌለው ወጥ መረቅ በውሃ አቅጥኜ፣ በሌላው የእትዬን ሾርባ አፍልቼ አቀዝቅዤ መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉ እትዬ።

«ምርመራ ነው እትዬ። ሐኪሟ አሁን ትገባለች።»

ሰው ሳቀ። ላሟን ፈታኋት። የመጀመሪያውን ሳፋ አሸተተች፣ በአፍንጫዋ እፍ አለችበትና ተወችው። ሁለተኛውን ስታሸት ጆሮዋ ተነሳ። አፏን ነከረች። ቀና ሳትል ጨረሰችው። ከዚያ ባዶውን ሳፋ መላስ ጀመረች፣ በሻካራ ምላሷ እየፋቀች፣ ሳፋውን በግቢው ሙሉ እየገፋችው።

«ዶሮ ስለሸተታት ነው!» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ ላም ዶሮ የምትወድ ቢሆን እነዚህ ዶሮዎች እስከዛሬ ይቆዩ ነበር?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ ግን እጃቸውን አነሱ።

«ጸጥ በሉ» አሉ።

ግቢው ጸጥ አለ። የላሟ ምላስ ብቻ ነው የሚሰማው። ኦቦ ጆሯቸውን ወደሷ አዘነበሉ፤ ሳፋው ወዴት እንደሄደ በጆሯቸው ይከተላሉ። እኔ ዓይን እያለኝ ያላየሁትን ነገር እሳቸው እየሰሙ ነበር።

«ይሄ የአሞሌ ድምፅ ነው» አሉ። «ሣር ስትበላ እንዲህ አትልም። ውሃ ስትጠጣም እንዲህ አትልም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ይሄን ስሰማ ነው ያደግኩት። ላም እንዲህ የምትለው ጨው ላይ ብቻ ነው።» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ዱጋ! እውነት ነው! ልጁ አልዋሸም።»

ሀርሜ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «በገዛ እጄ... ጠዋት ማታ...» አሉና የቀረውን ዋጡት።

እትዬ ፊታቸው ቀላ። «እኔ እኮ ለበሽተኛ የተሠራ መስሎኝ ነው ኦቦ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ።

ኦቦ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደንግጬ ተጠጋሁ። እየሳቁ ነው።

«ወይ ጉድ!» አሉ። «ላሟ ጨው አጥታ ግድግዳ ስትልስ፣ ለካ የሷን ድርሻ እኔ ስጠጣው ከርሜያለሁ!»

ሀርሜ ይቅርታ አላሉኝም። የዚያን ዕለት ማታ ግን አንድ ትልቅ ኩባያ ወተት፣ አረፋው እየፈሰሰ፣ ክፍሌ ድረስ አመጡልኝ። ከይቅርታ ይሻላል፣ ይቅርታ አይጠጣም።

ነርሷ ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች። «ጨው ትበላላችሁ ወይ ስል የለም አላችሁኝ፤ ስለ ሾርባ ማን ነገረኝ?» አለች። እሷም እውነቷን ነው። ከዚያ ፓኬቱን ገልብጣ አሳየችኝ። ለካ ውስጡ ያለው ነገር በተራ ነው የሚጻፈው፣ ብዙ የሆነው ፊት፣ ትንሽ የሆነው ኋላ። አየሁት። ጨው ጋቢና ተቀምጧል! ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ቅመሙ ከኋላው። ዶሮዋስ? ፓኬቱን በሙሉ በፎቶዋ የሞላችው ዶሮ? መጨረሻ ላይ፣ በር ሥር፣ ጎንበስ ብላ! ትርፍ ናት! ትራፊክ ቢያይ እሷን ነው የሚያስወርዳት።

ከዚያ በኋላ የኦቦን ሾርባ እኔ ነኝ የሠራሁት። የተከካ ገብስ ከሀርሜ ጎተራ፣ ድንች ከጓሮ፣ ነጭ ሽንኩርት ጠቅ አድርጌ፣ መጨረሻ ላይ ሎሚ። ሎሚዋን ከአንድ አጥር ላይ ነው ያገኘኋት፣ ከየትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ። ኦቦ የመጀመሪያ ቀን ቀምሰው «ይሄስ የወንዝ ውሃ ነው፣ ገብስ ወድቆበት» አሉ። በሳምንቱ ግን ስኒያቸውን ዘርግተው «ያቺን ወንዝ ጨምርልኝ» ማለት ጀመሩ። አሁን የኔን ሾርባ የሚያህል ሠራሁ የሚል የሆቴል ሼፍ ካለ ይምጣ፣ እንፎካከር።

ጠያቂው ግን አላቆመም። ወግ ነዋ። በር ላይ ቆሜ «ሾርባ የያዘ ወደ ኋላ! ትርፍ አንጭንም!» እያልኩ ባስቸግርም ተደብቆ የሚያስገባ አይጠፋም። ሀርሜ ዘዴ አገኙ፤ ያመጡትን ሾርባ እዚያው አፍልተው ላመጣው ሰው ያቀርቡለታል። አንድ ስኒ ጠጥቶ ሁለተኛ ሲቀዳለት «ኧረ ጨው በዛበት» ያላለ የለም። በዚህ ሰፈሩ በሙሉ ተማረ።

ቀጠሮው ቀን ደረሰ። መንገዱ ደግሞ በዋዜማው ተዘግቶ አድሯል። ሹፌሩን ለምኜ፣ አስቄ፣ ለእናቱ ነግሬ ሚኒባሷን አስወጣሁት። ኦቦንና ሀርሜን ጭነን፣ መንገድ የዘጉት ወጣቶች እንዲያሳልፉን መስታወቱ ላይ ቅጠል ሰክተን ሄድን። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ወጣቶቹ ከበቡን። ሹፌሩ «መስታወቴን፣ መስታወቴን» ይላል። ወረድኩና «በሽተኛ ይዘን ነው» አልኩ። አንዱ አጎንብሶ ወደ ውስጥ አየ።

«አከም ጅርቱ አባባ» ብሎ ሰላም አላቸውና ወደኔ ዞረ። «እኚህ ላሟ ከሾርባ ያዳነቻቸው ኦቦ አይደሉም?»

ኔትወርክ የለም ብያችኋለሁ አይደል? ወሬው ግን ከኛ ቀድሞ እዚያ ደርሷል።

«ካራ በና! መንገድ ክፈቱ!» አለ ልጁ፣ ድንጋዩን ገፉልን።

ሐኪም ቤቱ ጋ ደርሰን ኦቦ ክንዳቸውን ሲዘረጉ የኔ ግፊት ነው የጨመረው። ለኪዋ አየች፣ ግንባሯን ቋጠረች። «ትንሽ ከፍ ብሏል» አለች። ሀርሜ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጡ። ኦቦ ፊታቸው አመድ ሆነ። «ከመንገድ ነው የመጣነው፣ ድንጋይ ነበር፣ ደንግጠው ነው» አልኳት። «እንግዲያው ይረፉና ደግሜ እለካለሁ» አለች።

ጎናቸው ተቀመጥኩ። ምን ላርግ? ያለኝ አፍ ነው። ቀስ ብዬ ላሟ ሸሚዜን ስታወርድ፣ ብብቱን መርጣ ስትልስ፣ ከዚያ ሀርሜ ኪሴን ሲቀምሱ ነገርኳቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሀርሜም ወደ ግድግዳው ዞረው በነጠላቸው ሳቁ። የኦቦ እስትንፋስ ሲረጋጋ ለኪዋ ተመለሰች። ለካች። እንደገና አየችው።

«ይሆናል» አለች። «አስገቧቸው።»

በማግስቱ ከዓይናቸው ላይ ፋሻው ሲፈታ ፊት ለፊት የቆምኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ዓይናቸውን አርገበገቡ፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ ደግመው አዩኝ።

«አንተ ነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«በአፍህ ልክ መስለኸኝ ነበር፤ ይሄን ብቻ ታክላለህ?»

ቡራዩ ስንገባ ሀርሜ «ይረፉ» ቢሉ፣ ጎረቤት «እንኳን ደስ ያለዎ» ቢል፣ ኦቦ ቤት አልገቡም። ምርኩዛቸውን ይዘው በጓሮ ወጡ። መራኋቸው ልላችሁ ነበር፣ ግን እኔ ነኝ ከኋላቸው የሮጥኩት። ድንበሩን ይዘው በእርጋታ ሄዱ። ቆም እያሉ መሬቱን ያያሉ፤ ቁጥቋጦውን በምርኩዝ ይገልጡታል፣ ድንጋይ ይገለብጣሉ፣ ቀለም ይፈልጋሉ። ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርሱ ዞረው እስከ ቤቱ ድረስ ያለውን በሙሉ አንድ ጊዜ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። 

«የለም» አሉ። «ችካል የለም።»

«ነግሬዎት ነበር እኮ!»

«ነግረኸኛል። አሁን አየሁት።»

ሲመለሱ ላሟ መጥታ እጃቸውን ላሰችው። ገበያው በተከፈተ ጊዜ መጀመሪያ የተገዛው አሞሌ ነው፤ ኦቦ ራሳቸው መርጠው፣ በዓይናቸው አይተው።

እኔም ወደ ሚኒባሷ በር ተመለስኩ። ሰበታ ስንደርስ፣ ሱሉልታ ስንደርስ፣ ሚኒባሷ ተራ ስትጠብቅ ሱቅ ገብቼ የሾርባ ጀርባ አያለሁ። አንዱ ላይ ጨው ጋቢና ነው፣ ሌላው ላይ መሃል ወንበር፣ ጭራሽ ያልተሳፈረበት ግን እስካሁን አላገኘሁም። ሰበታ ያለ ባለሱቅ «ትገዛለህ ወይስ ትቆጣጠራለህ?» ብሎኛል። እቆጣጠራለሁ አልኩት።

አሁንስ? አሁንም ትስቃላችሁ? እሺ፣ እኔን አትመኑ። ቡራዩ ሂዱ። ነርሷን ጠይቁ፣ ድንጋዩን የገፉትን ልጆች ጠይቁ፣ እትዬን ጠይቁ፣ ቢያፍሩም ይነግሯችኋል። ሀርሜን ጠይቁ፣ ቁልፉ አሁንም አንገታቸው ላይ ነው። ኦቦን ጠይቁ፣ ከሩቅ አይተው ማን እንደመጣ ይነግሯችኋል። ብቻ ባዶ እጅ አይኬድም ብላችሁ ዶሮ የተሳለበት ፓኬት እንዳትይዙ፤ በር ላይ ላሟ ትፈትሻችኋለች።